አጭር ሥልጠና፣ ረጅም ወረፋ

ቡሹሎ ሲባል ብዙ የሀዋሳ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረውን የጤና ተቋም ነው። እናቶችና ሕፃናት፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ወገኖችም ከገጠር ቀበሌዎች ሳይቀር እየመጡ የሚታከሙበት በመሆኑ የሠፈሩና የተቋሙ ስም አብሮ ይነሣል። ይህ ዳሰሳ ግን ስለ ሕክምና አይደለም። ከተማው ከገጠሩ ጋር በሚገናኝበት በዚህ ጫፍ፣ ኮሌጅ የጨረሰ ወይም «ጂሲ» (የመመረቂያ ዓመት ተማሪ) የሆነ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ስለሚጠይቀው ነገር ነው፦ ልጁ በዲግሪው ላይ አንድ አጭር ሥልጠና ቢጨምር ይቀጠራል? ብር ተበድሮ መክፈልስ ያዋጣል?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። አጭር ሥልጠና ሊጠቅም ይችላል፤ የሚጠቅመው ግን አብዛኛውን ጊዜ በማስታወቂያው ላይ በተጻፈው ምክንያት አይደለም። በአምስት ቀን ውስጥ ማንም አዲስ ሰው አይሆንም። ጥሩ ሥልጠና የሚሠራው ሥራ፣ ልጁ ቀድሞም የነበረውን ችሎታ ጨርሶ የማያውቀው ቀጣሪ እንዲያየውና እንዲያምነው ማድረግ ነው። ይህን የማያደርግ ሥልጠና አስተማሪው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሰርተፊኬቱ ፋይል ከማወፈር አያልፍም።

ጥያቄው ራሱ በዕድሜው ልጅ ነው። በደርግ ዘመን ከአዋሳ እርሻ ኮሌጅ የወጣ ሰው ሲቪ የሚባል ነገር ሳይጽፍ ነበር ሥራ የሚጀምረው፤ መንግሥት ይመድበዋል፣ እሱም የምደባ ደብዳቤውን ይዞ ይሄዳል። ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላው ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ኋላ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በዚያው ዘመን በመላው አገሪቱ ግቢዎች ተከፈቱ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ45 በላይ ናቸው። የተመራቂው ቁጥር የመንግሥትን ወንበር ጥሎት ሄደ። በቅርብ ዓመታትማ የሕክምና ዶክተር እንኳ ምደባ አጥቶ እቤት ሲቀመጥ አይተናል።

በዚህ ላይ የመውጫ ፈተናው መጣ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ ያለፈው ከተፈተነው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተባለ። ስለ ቀጣሪው ግን ብዙም አልተወራም። የሰው ኃይል ክፍል ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲግሪ ሲያይ መጠርጠር ቢጀምር አይፈረድበትም፤ አመልካቾቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ወረቀት፣ ተቀራራቢ ነጥብና «0 ዓመት» የሥራ ልምድ ይዘው ይመጣሉ። ማንኛው ሰዓት ያከብራል? ማንኛው ደብዳቤ ይጽፋል? የተቆጣ ደንበኛን ማን ያረጋጋል? ወረቀቱ አይናገርም። ስለዚህ ቀጣሪው ወደሚያውቀው ሰው ይደውላል። እኛ ይህን «ዘመድ» ብለን እናማዋለን። ከፊሉ በእርግጥ አድልዎ ነው፤ ከፊሉ ግን የመረጃ እጦት ነው፣ አጭር ሥልጠና ቦታ ካለውም ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ያለውን ገበያ እንይ። በየግቢው በር፣ በፎቶ ኮፒ ቤት መስታወትና በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው የቆየው ዓይነት ነው፦ ፒችትሪ፣ ኤስፒኤስኤስ፣ አውቶካድ፣ ኢታብስ፣ ቤዚክ ኮምፒውተር፣ ስፖክን ኢንግሊሽ። ይህን ገበያ መናቅ ፋሽን ሆኗል፤ እኔ አልንቀውም። ፒችትሪን ውሰዱ። የሶፍትዌሩ ባለቤት ኩባንያ ስሙን ከቀየረው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የእኛ አገር የሒሳብ ባለሙያ ግን አሁንም በዚያው ስም ይጠራዋል፣ የሥራ ማስታወቂያውም በዚያው ስም ይጠይቀዋል። ቀጣሪው የሚፈልገው ነገር ነው፤ ደግሞም ልጁን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ በሩብ ሰዓት ማረጋገጥ ይችላል። ሥልጠናው የዘለቀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በነፃ የሚሰጠው «ሶፍት ስኪል» ወይም «ላይፍ ስኪል» የሚባለው ነው። ደረጃ የተባለው ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር እየተዋዋለ ለአዲስ ተመራቂዎች የሥራ ዝግጁነት ሥልጠና ይሰጣል፣ ቀጣሪና ተመራቂ የሚገናኙበት ዐውደ ርዕይም ያዘጋጃል። በ2005 ዓ.ም. ማዕከል ሆኖ የተጀመረው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት ደግሞ ከተባበሩት መንግሥታት በተወሰደ ዘዴ የስድስት ቀን ሥልጠና ይሰጣል። ቀሪው በውጭ ርዳታ የሚንቀሳቀስ ነው። የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ከእነዚህ ሥልጠናዎች ስንቶቹ በአንድ ኪስ ላይ ቆመው እንደነበር በግልጽ ታየ።

ሦስተኛው የስልክና የላፕቶፕ ትምህርት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ፕሮግራም የድረ ገጽ ሥራን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያን፣ የዳታ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መነሻ ትምህርት በነፃ ያስተምራል፤ ለጨረሰም ሰርተፊኬት ይሰጣል። ኤኤልኤክስ የተባለው አፍሪካ አቀፍ ተቋምም አዲስ አበባ ላይ ማዕከል ይዞ መሰል ሥራ ይሠራል። እነዚህ ትምህርቶች በጎ ናቸው፤ ችግራቸው ብዛታቸው ነው። ሚሊዮኖች የያዙት ሰርተፊኬት አንዱን አመልካች ከሌላው አይለይም። አንድ ሰው የሠራውን ድረ ገጽ ከፍቶ ቢያሳይ ግን ይለያል፤ ስለዚህ ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ የሠራው ሥራ ዋጋ አለው።

ስለ ሥልጠና ውጤት ከተጻፈው ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው የተሠራው ሩቅ ሳይሆን እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ግሩም አበበና አምስት የጥናት ባልደረቦቹ እ.አ.አ. በ2014 ጀምረው፣ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱና ቋሚ ሥራ የሌላቸውን ከ18 እስከ 29 ዓመት የሆኑ የከተማ ዳር ወጣቶች በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንደኛው ወገን መሀል ከተማ ሄዶ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያይበት የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው። ሁለተኛው ወገን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሜርስ ለአጭር ጊዜ ተጠራ። ሲቪና የማመልከቻ ደብዳቤ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ አቀራረብ ተማረ፤ ከዚያም ተፈተነ። ፈተናው የማገናዘብ ችሎታን፣ ቋንቋን፣ ስሌትንና በሥራ ላይ የሚያጋጥም ዓይነት ተግባርን የሚለካ ነበር፤ ውጤቱም ለቀጣሪ የሚታይ ሰርተፊኬት ሆኖ ተሰጠው። ሦስተኛው ወገን ምንም አላገኘም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱም ርዳታዎች ጠቀሙ፤ መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድል ከፍ አለ። የሠለጠኑት ደግሞ በተጨማሪ የጊዜ ገደብ የሌለው ቅጥር የማግኘት ዕድላቸው ጨመረ። ተመራማሪዎቹ ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን የትራንስፖርቱ ፋይዳ ጠፍቷል። ሠልጥነው የተፈተኑት ምንም ካላገኙት ይልቅ በ20 በመቶ ያህል የበለጠ ገቢ ነበራቸው፣ ሥራቸውንም የበለጠ ይወዱት ነበር። እ.አ.አ. በ2021 የታተመው ይህ ጥናት ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ። በዚያ አጭር ጊዜ ወጣቶቹ ሒሳብ አልተማሩም፣ ቋንቋም አልተማሩም። የሚያውቁት ተለካ፣ የተለካውም ማኅተም ተደረገበት፣ ከዚያ ማኅተሙን እንዴት እንደሚያቀርቡት ተነገራቸው።

ይህን የሚያጠናክር ሌላ ሙከራ ጆሃንስበርግ ውስጥ ተደርጓል። ሥራ ፈላጊዎች ከተፈተኑ በኋላ ለአንዳንዶቹ ውጤታቸው ለቀጣሪ በሚቀርብ ሰርተፊኬት ተሰጠ፤ ለሌሎቹ ለራሳቸው ብቻ ተነገራቸው። ቀጣሪ ሊያየው በሚችለው ወገን የተቀጠሩት ድርሻ በ5 የመቶኛ ነጥብ ከፍ አለ። ለራሱ ብቻ በተነገረው ወገን የቅጥር ለውጥ አልታየም። በራስ መተማመን ብቻውን በር አያስከፍትም ማለት ነው፤ ለዚህ ይመስለኛል አዳራሽ ሞልቶ በጭብጨባ የሚያልቅ የማነቃቂያ ሥልጠና ከሳምንት በኋላ የሚረሳው።

ሆኖም የአዲስ አበባው ውጤት ለኮሌጅ ተማሪ እንዳለ ይሠራል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ጥቅሙ የጎላው ቀድሞም በሥራ ገበያው ወደ ኋላ በቀሩት ላይ ነበር። የኮሌጅ ምሩቅን በቀጥታ የሚመለከተው ሙከራ የተደረገው ዮርዳኖስ ውስጥ ነው፤ ከኮሌጅ የወጡ 1,350 ገደማ ወጣት ሴቶችን ያካተተ ነበር። ከፊሎቹ የ45 ሰዓት የሶፍት ስኪል ሥልጠና ወሰዱ፦ መግባባት፣ በቡድን መሥራት፣ ቃለ መጠይቅ፣ ሁሉም የሚታወቀው ነገር። ሥልጠናውን ወደውት ነበር፤ በቅጥር ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። የዓለም ባንኩ ዴቪድ ማኬንዚ እ.አ.አ. በ2017 በታዳጊ አገሮች የተደረጉ መሰል ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር የሙያ ሥልጠና ከወሰዱ 100 ሰዎች መካከል በሥልጠናው ምክንያት ተጨማሪ ሥራ የሚያገኙት ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው አለ። ለአሠልጣኝ ድርጅት ሪፖርት የማይመች ቁጥር ነው፤ ሪፖርቱ የሚቆጥረው የተቀጠረውን ሳይሆን ሰርተፊኬት የወሰደውን መሆኑም አያስገርምም።

የሥራ ዐውደ ርዕዩስ? እነዚያው የአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ድርጅቶችንና ሥራ ፈላጊዎችን በአንድ ግቢ አገናኝተው ነበር። የተፈጠረው ሥራ ከአሥር ድርጅት አንድ ነው። ወጣቱ ገበያው ከሚከፍለው በላይ ይጠብቃል፤ ድርጅቱም በዚያ ደመወዝ ልምድ ያለው ሰው አገኛለሁ ብሎ ይመጣል። የተገናኙት ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች ነበሩ። ቢሆንም ከንቱ ቀን አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ግምታቸውን አስተካከሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈጅ፣ «በዚህ ሙያ ጀማሪ ስንት ይከፈለዋል? ምን ይጠየቃል?» የሚል ግልጽ ውይይት ከብዙ የሶፍት ስኪል ሞጁል ሊበልጥ ይችላል።

ወደ ሀዋሳ ስንመለስ ከተማዋ ራሷ ትልቅ የሥልጠና ሙከራ አስተናግዳለች። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ 60,000 ያህል ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር የታሰበው። ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች የሚመጡ ልጃገረዶች ከመግባታቸው በፊት ተመዝነው በአጭሩ ይሠለጥኑ ነበር፤ ሰዓት ስለ ማክበር፣ ስለ ፋብሪካ ሥርዓት፣ ደመወዝን አብቃቅቶ ከተማ ውስጥ ስለ መኖር። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገብቶ የሚወጣው ሰው ብዙ ነበር። አያስደንቅም፤ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ከፓርኩ በፊት በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ላይ ባደረጉት ጥናት በዕጣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀዋል። ደመወዙ የቤት ኪራይና ምግብ የማይችል ሲሆን የጠባይ ሥልጠና አያቆይም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የፓርኩ ዋና ኩባንያ የነበረው ፒቪኤች መውጣቱን አስታወቀ፤ ጥቂት ቆይቶ አገሪቱ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከምትልክበት የአጎዋ ዕድል ታገደች። በመስመር ተቆጣጣሪነት፣ በጥራት ክፍልና በሰው ኃይል አስተዳደር የገቡት የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ። የጎደለው የገዢ ትእዛዝ እንጂ ክህሎት አልነበረም።

ይህን የማነሣው ሥልጠናን ለማጣጣል አይደለም። ሥልጠና በወረፋው ላይ ማን እንደሚቀድም ይወስናል፤ ወረፋውን የሚያሳጥረው ግን ሥራ የሚፈጥር ሌላ ነገር ነው። ለቡሹሎው ልጅ መቅደሙ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ የከንቲባው ጽሕፈት ቤት ግን ሁለቱን ማምታታት የለበትም።

ታዲያ የቡሹሎው ልጅ ምን የተደበቀ ችሎታ አለው? እኔ ቀድሞ የሚታየኝ ቋንቋ ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ የሲዳማ አፎ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው። ከገጠር የመጣችን እናት በሲዳማ አፎ ጠይቆ፣ ያለችውን በአማርኛ ለባልደረባው አስረድቶ፣ በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ የሚጽፍ ነርስ በዚህ ከተማ ውድ ሰው ነው። ብድር አስፈርሞ ውሉን በቋንቋቸው የሚያስረዳ የሲዳማ ባንክ ሠራተኛም እንዲሁ። ግን ይህን ችሎታ የሚለካና የሚመሰክር ሰርተፊኬት የት አለ? በሲቪው ላይ «ሲዳማ አፎ፦ በጣም ጥሩ» ብሎ ራሱ የጻፈው ቃል ብቻ ነው ያለው። ነፃ የኢንተርኔት ትምህርቶቹም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ይህ ልጅ የሚበልጥበትን ትተው የሚደክምበትን ብቻ ይለካሉ።

ሌላው ዋስ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ አንዳንዴም ተራ የሽያጭ ሠራተኛ ለመሆን ደመወዝተኛ ዋስ ይጠየቃል። ከገበሬ ቤት የወጣ ልጅ ደመወዝተኛ አጎት ከሌለው እዚያ ላይ ይቆማል። ስለ ሥራ ዝግጁነት በተጻፉ ማኑዋሎች ውስጥ ይህ ጉዳይ ሲነሣ አላየሁም፤ ማኑዋሎቹ ዋስ የማይጠየቅበት አገር ስለ ተጻፉ ይሆናል። ዋስ የሚጠይቅ ቀጣሪ በሌላ አነጋገር «ይህን ሰው ማን ያውቀዋል?» እያለ ነው። ለዚህ በጣም ርካሹ መልስ የምስክርነት ደብዳቤ ይመስለኛል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የቀድሞ አሠሪ የጻፈው፣ የሠራተኛውን ሥራ በዝርዝር የሚመዝን ደብዳቤ ከማመልከቻ ጋር ሲያያዝ ከቀጣሪ የሚመጣው ጥሪ በ60 በመቶ ጨምሯል። የእኛ ተማሪ ለሥራ ልምምድ (አፓረንት) ወጥቶ ወይም ኢንተርንሺፕ ጨርሶ የሚያመጣው ግን «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ጀምሮ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ቆይቷል የሚል ባለ አራት መስመር ወረቀት ነው። ምን ሠራ? ምን ተሳሳተ? ምን ቢሰጡት ይችላል? ይህን የሚሞላ አንድ ገጽ ቅጽ ማዘጋጀት በጀት አይጠይቅም፤ የኢንተርንሺፕ አስተባባሪውና የድርጅቱ ኃላፊ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ ይበቃል።

አጭር ሙያ በራሱ ሲመሰክር ማየት የፈለገ ወደ ቡናው ይሂድ። ሲዳማ የቡና አገር ነው፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሀዋሳ ላይ ማዕከል አለው፣ የሲዳማ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም በዓለም ገበያ የታወቀ ላኪ ነው። ቡና ቅምሻ መሠረቱ በአጭር ጊዜ ይማሩታል፤ ለመካን ግን ዓመታት ይፈጃል። ጥሩነቱ ግን ማስመሰል አለመቻሉ ነው። ተመሳሳይ ናሙና በተደረደረበት ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም በማንኪያ ይቀምሳል፣ ነጥብ ይሰጣል፤ የጀማሪው ነጥብ ከነባሮቹ ጋር ይስማማል ወይም አይስማማም። ስለ ቃለ መጠይቅ አለባበስ የሚጠይቅ የለም።

ቴክኒክና ሙያውም ቢሆን የራሱ መንገድ አለው። የፖሊ ቴክኒክ ሠልጣኝ ትምህርቱን ሲጨርስ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ይፈተናል፤ የሚፈትነው ያስተማረው ሳይሆን ሌላ ነው። በአፈጻጸሙ ላይ የሚሰማ ቅሬታ አለ፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፣ የዲግሪ ተማሪውም ቢያገኘው የሚጠቅመው ነው። አብዛኛው የአጭር ሥልጠና ሰርተፊኬት ዋጋ የሚያጣው አስተማሪው፣ ፈታኙና ገንዘብ ተቀባዩ አንድ ሰው ስለሚሆን ነው። ለልጁ ሥልጠና ለመክፈል ከመሰለፉ በፊት የቡሹሎው አባት መጠየቅ ያለበትም ይህንኑ ነው፦ ሰው ይወድቅበታል? ፈታኙ ሌላ ነው? ባለፈው ዙር የጨረሱትን የቀጠረ አንድ ድርጅት ስሙን ሊጠሩልኝ ይችላሉ? ለሦስቱም መልስ ለሌለው ቤት ከሚከፈል ገንዘቡ ለአንድ ዓመት የኢንተርኔት ጥቅል ቢውል ይሻላል።

የኮሜርስን ዓይነት ሥራ ሀዋሳ ላይ ለመሥራት የሚጎድል ዕቃ የለም። ዩኒቨርሲቲው የቢዝነስ ኮሌጅ አለው፣ የቋንቋ መምህራን አሉት፣ ፈተና ማውጣትና ማኅተም ማድረግም የዕለት ሥራው ነው። ሲቪ የሚያዩት ቀጣሪዎች፣ ሆቴሎቹ፣ ሆስፒታሎቹ፣ ባንኮቹ፣ ዩኒየኖቹ በአንድ አዳራሽ የሚሰበሰቡ ናቸው። አስቸጋሪው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ኃላፊነቱ ጋዋኑ በተመለሰ ቀን ያበቃል። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በሥሩ ያሉ ጽሕፈት ቤቶችን ይዞ ሥራውን የሚጀምረው ወጣቱ ሥራ ፈላጊ ተብሎ ሲመዘገብ ነው። ከምረቃ እስከ ምዝገባ ያሉት ወራት የማንም አይደሉም፤ የቀጣሪው ጥርጣሬ የሚጠነክረውም፣ የተመራቂው ትራንስፖርት የሚያልቀውም በእነዚሁ ወራት ነው። ፈተናው ከምረቃ በፊት፣ በመጨረሻው ሴሚስተር፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ቢሰጥና ውጤቱ በቀጥታ ለከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ቢተላለፍ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ሳያስፈልግ ክፍተቱ ይሞላል። የሚያስፈልገው ሁለት ፊርማ ነው።